መልስ፦ ጎንደር ሲገባ ጥቁር ስለሚያጨሰው የድሮ ሞተርሳይክል

ወንድሜ፣ ቆላው መተማ ላይ ደህና የነበረው ባለሁለት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ሞተርህ ጎንደር ላይ ጥቁር ቢያጨስ አይግረምህ። ከተማችን ከ2000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዳ፣ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፈተህ እይ። ቡናማ ከሆኑ ካርቡራተሩን አትንካው! ጥላሸት ከለበሱ ግን ወደ ሥራ።

ሞተሩን አሙቀህ አጥፋው። የካርቡራተሩን የአየር ብሎን በቀስታ እስከ መጨረሻው ዝጋ (ካስጨነቅከው ጫፉ ይበላሻል)። አንድ ዙር ተኩል ክፈትና አስነሳ። ቀስ እያልክ አዙረህ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳትሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ የሚልበት ላይ ተወው፤ በሁለቱም ካርቡራተሮች። ከዚያ መዳፍህን ከሁለቱ ማርሚታዎች (የጭስ ማውጫዎች) ኋላ ያዝ። ትንፋሻቸው እኩል እስኪሆን የሚኒሞ ብሎኖቹን አስተካክል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሳምንት ሙሉ ካቻቢቴ ይዤ ከርሜያለሁ።

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ስትሰጠው አሁንም ካነቀው፣ ብሎን አያድንህም። በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ዋናውን ቀዳዳ (ጄት) ቁጥሩ ባነሰ፣ ማለትም በጠበበ፣ ቀይረው። መተማ ስትመለስ ግን የድሮውን መልስ፣ አለዚያ ሞተሩ ይግላል።