ፎቶ በእስክርቢቶ፦ ስለ ግራፊክስ ታብሌት ጠይቁኝ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ባለፈው ሳምንት ሪታች (የተነሣ ፎቶ ማሳመር) የማደርገው በማውስ ሳይሆን በታብሌት ነው ካልኩ ወዲህ የውስጥ መልእክቴ ሞልቷል። ለየብቻ መመለስ አልቻልኩም። ዛሬ ማታ ሁላችሁም እዚሁ ጠይቁኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ታብሌት ስል ፊልም የምናይበትን ስክሪን አይደለም። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ጠፍጣፋ ጥቁር ሰሌዳና አንድ እስክርቢቶ ነው። እጃችሁ ሰሌዳው ላይ፣ ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ይሆናል። የእኔ ሥራ የሠርግና የቤተሰብ ፎቶ ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልለምን። ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ነገ አይሠራም። «የቱ ይሻላል?» ብቻ ብላችሁም አትጠይቁኝ፣ ምን እንደምትሠሩ አብራችሁ ንገሩኝ።

አዲስ ጀማሪ፦ ጋሼ፣ በማውስም እኮ ይሠራል። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ማውስ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው። ተጫነ፣ አልተጫነም። በቃ። እስክርቢቶው ግን ምን ያህል እንደተጫንከው ያውቃል። ካርቶኑ ላይ 2048፣ 4096፣ 8192 እየተባለ የሚጻፈው የግፊት ደረጃ ነው። (ቁጥሩ አያስጨንቅህ፣ ለፎቶ 2048ም ይበቃል።) ልጅ ሆነህ በእርሳስ ስትስል ፈዘዝ ያለውን ቦታ እጅህን ቀለል አድርገህ፣ ጠቆር ያለውን ጫን ብለህ ነበር የምትሠራው። ማንም አላስተማረህም፣ እጅህ ያውቀዋል። በማውስ ስትሠራ ያንን የእጅ ዕውቀት በር ላይ ጥለኸው ነው የምትገባው። ሁለተኛው ነገር ቦታ ነው። ማውስን ብድግ አድርገህ ሌላ ጋ ብታስቀምጠው ቀስቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም። እስክርቢቶ ላይ ግን የሰሌዳው ጥግ የስክሪኑ ጥግ ነው፣ መሃሉም መሃል ነው። መጀመሪያ ይህ ግራ ያጋባል። ሁለት ሳምንት ማውሱን መሳቢያ ውስጥ ቆልፍበት። ሁለት ቀን ሞክሮ «አልለመድኩትም» የሚል ሰው አልሰማም።

ታብሌቴ፦ ሰላም ጋሼ፣ ታብሌቴ አይሠራም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይሠራም ማለት ምን ማለት ነው? አይበራም? ቀስቱ አይንቀሳቀስም? ግፊቱን አይቀበልም? ኮምፒውተርህ ምንድን ነው? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ።

የባሕር ዳር ልጅ፦ መጠኑን በተመለከተ፣ ትልቅ ልግዛ ትንሽ?

መልስ፦ ለፎቶ ትንሹ ወይም መካከለኛው ይበቃል። ትንሽ የሚባለው የሚሠራበት ቦታ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር በ10 ነው፣ መካከለኛው ወደ 22 በ14። ትልቁ ከትከሻቸው እየሳሉ ለሚሠሩ ሠዓሊዎች ነው። እኛ የምንሠራው ከእጅ አንጓና ከክርን ነው። ከመጠኑ ይልቅ አንድ ነገር አደራ፦ ድራይቨሩ (ታብሌቱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ የሰሌዳው ቅርፅ ከስክሪናችሁ ቅርፅ ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ካልተስተካከለ ክብ ስትስሉ እንቁላል ይወጣል፣ እጃችሁም በጭራሽ አይለምድም። ሁለት ስክሪን ያላችሁ ደግሞ ታብሌቱን በአንዱ ላይ ብቻ ወስኑት።

ማውስ አልለቅም፦ ወንድም፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ከድሮ ጀምሮ በማውስ ሠርቼ ስንት አልበም አስረክቤያለሁ። ደንበኛ ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ዕቃ ሙያ አይሆንም።

መልስ፦ ዕቃ ሙያ አይሆንም፣ ትክክል ነህ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ላይ ብርሃንና ከለር ብቻ የምታስተካክል ከሆነ ማውስህን አትልቀቅ። ስላይደር ለመጎተት ማውስ ይሻላል፣ እኔም ያኔ ማውስ ነው የምይዘው። የኔ ክርክር ብራሽ (ፕሮግራሙ ውስጥ የምንቀባበት ብሩሽ) በእጃችሁ ከገባ በኋላ ስላለው ሥራ ነው።

የቆዳ ነገር፦ ጋሼ፣ የፊት ሪታች እንዴት ነው የሚሠሩት? እኔ ብለር አድርጌ (አደብዝዤ) ነው የማልፈው፣ ግን ፊቱ ፕላስቲክ ይመስላል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ታብሌት ከመግዛቴ በፊት ነው። አንድ ቤተሰብ የአያታቸውን ፎቶ አምጥተው አሳምርልን አሉኝ። ሴትዮዋ የሰሜን ሰው ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ፣ አገጫቸው ላይም ጥቂት ነጠብጣብ። ፎቶው በጠንካራ ፍላሽ የተነሣ ነው፣ ንቅሳቱ ደብዝዞ እድፍ ይመስላል። እኔ በማውስ፣ በትልቅ ብራሽ፣ ሙሉውን እየተጫንኩ አንገታቸውን ጠራረግኩት። ፎቶውን ሊወስድ የመጣው ልጃቸው ለረጅም ጊዜ አየውና «ንቅሳታቸው የት ሄደ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በልጅነታቸው እናታቸው ያስነቀሷቸው ነው አለኝ። ፋይሉን ደግሞ ኦርጂናሉ ላይ ሴቭ አድርጌበት ነበር። ደግነቱ የታተመው ፎቶ እነሱ ጋ ስለነበር ስካን አድርጌ እንደገና ጀመርኩት።

ስለዚህ መጀመሪያ፦ ኦርጂናሉን አትንኩ። ሁልጊዜ አዲስ ሌየር፣ ማለትም ከፎቶው በላይ የሚደረብ ንጣፍ።

አሁን ፎቶሾፕ ላይ ወዳለው አሠራር። ብጉርና አቧራን በሂሊንግ ብራሽ (እንከኑን በአካባቢው ቆዳ በሚሸፍነው ብራሽ)፣ ግፊቱን ከብራሹ መጠን ጋር አያይዛችሁ ልቀሙ። ትንሽ ስትጫኑ ትንሽ ነጥብ፣ ጫን ስትሉ ሰፋ ያለ። ነገ የሚጠፋውን ብቻ አጥፉ። ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው፣ ንቅሳት፣ የዓይን ዳር መስመር የሰውዬው ነው። ካልጠየቃችሁ አትንኩት።

ቀጥሎ ዶጅ ኤንድ በርን ነው፣ ቦታ እየመረጡ ማብራትና ማጥቆር። ሃምሳ በመቶ ግራጫ የሞላ አዲስ ሌየር፣ አደራረቡ (ብሌንድ ሞዱ) ሶፍት ላይት። ብራሹ ለስላሳ፣ ፍሎው (የሚፈሰው የቀለም መጠን) ከአንድ እስከ አምስት በመቶ፣ ግፊቱ ከኦፓሲቲ (ከቀለሙ ጥንካሬ) ጋር የተያያዘ። ከዚያ ፊቱን ቀስ እያላችሁ፣ ጠቆር ያለችውን ትንሽ ቦታ በነጭ ማንሳት፣ በጣም የበራችውን በጥቁር ማውረድ። ለመሥራት ጠጋ በሉ፣ ለመፍረድ ራቅ በሉ። የቆዳው ቀዳዳ ሳይጠፋ ፊቱ ይለሰልሳል። በማውስ ይህን ስትሠሩ እያንዳንዱ ምት እኩል ስለሆነ ወይ አይታይም ወይ ይበዛል። በእስክርቢቶ ግን ምቱ ፈዝዞ ይጀምራል፣ ይጠነክራል፣ ፈዝዞ ያልቃል፣ ጠርዝ አይተውም።

የኛ ቆዳ ላይ ሁለት ጥንቃቄ። ነጩን ካበዛችሁት ጠይም ፊት አመድ ይመስላል። አመድ መሆን ሲጀምር ካያችሁ ኦፓሲቲውን ቀንሱና በሌላ ሌየር ከራሱ ከፊቱ ጤናማ ቦታ ከለር ወስዳችሁ በስሱ መልሱለት። ሁለተኛ፣ ጉንጭና ግንባር ላይ ያለውን ወዝ ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። ለጥቁር ቆዳ ቅርፅ የሚሰጠው ያ ብርሃን ነው። የበዛውን ቀንሱ፣ ሌላውን ተዉት።

አራት ኪሎ፦ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ሙሽራዋ ራሷ «ቀይ አድርገኝ» ብትልስ? የሚከፍለው ደንበኛ ነው።

ማውስ አልለቅም፦ ይኸው! ደንበኛ ንጉሥ ነው። ጠይም አድርጌ ባስረክብ ሌላ ስቱዲዮ ትሄዳለች።

ቀይ ዳማ፦ እኔ ራሴ ሙሽራ ሆኜ ደርሶብኛል። ሳልጠይቅ አነጡኝ። አልበሙ ላይ ከእህቴ ጋር ጎን ለጎን ቆመን የአንድ እናት ልጆች አንመስልም። እስከዛሬ ለሰው አላሳይም።

አራት ኪሎ፦ ያ ሳይጠይቁ ሲሠሩ ነው። እኔ የምለው ሲጠየቅ ነው።

የባሕር ዳር ልጅ፦ አንዳንዴ እኮ የካሜራው ችግር ነው። አዳራሹ ጨለማ፣ ቬሎው ነጭ፣ ካሜራው ቬሎውን አይቶ ፊቱን ያጠቁረዋል። ያኔ ማብራት ግዴታ ነው።

መልስ፦ ባሕር ዳር ልክ ነው፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ካሜራው የወሰደባትን ብርሃን መመለስና የሌላ ሰው መልክ መስጠት አንድ አይደለም። «ቀይ አድርገኝ» ለምትል እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ አንድ ፎቶ በደንብ ዶጅ ኤንድ በርን አድርጌ፣ ዓይኗንና ፊቷን አብርቼ፣ ጠይምነቷን ሳልነካ አሳያታለሁ። ብዙዎቹ የፈለጉት እሱን ነው። ቀይ አድርገኝ የሚሉት ፊቴ ይታይ ለማለት ነው። አሁን ወደ ታብሌቱ እንመለስ፣ ስለዚህ ክርክር ሌላ ቀን እንገናኝ።

ታብሌቴ፦ ይቅርታ ጋሼ። ዊንዶውስ ነው። ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ፎቶሾፕ ላይ ግፊቱን አይቀበልም። ፔን ፕሬዠር (የእስክርቢቶ ግፊት) የሚለው አጠገብ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከቃለ አጋኖ ጋር ይታያል።

መልስ፦ አየህ፣ እንዲህ ሲጠየቅ ይመለሳል። ሦስት ማዕዘኗ «ታብሌት አላየሁም» ማለቷ ነው። ከዚህ በፊት የሌላ ኩባንያ ታብሌት ነበረህ? የድሮው ድራይቨር ካለ አዲሱን ያውከዋል። ሁለቱንም አጥፋ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራ፣ ከአምራቹ ገጽ ላይ አዲሱን ብቻ ጫን። ከዚያ ድራይቨሩ ውስጥ ዊንዶውስ ኢንክ (የዊንዶውስ የራሱ የእስክርቢቶ ሥርዓት) የሚለው ምልክት መደረጉን እይ። ፎቶሾፕ ዊንዶውስ ላይ በራሱ የሚጠብቀው እሱን ነው። ብዙ ሰው ቪዲዮ አይቶ ያጠፋዋል፣ ከዚያ ግፊቱ ጠፋ ይላል። እስክርቢቶውን ስትይዘው ክብ ቀለበት እየመጣ የሚያስቸግርህ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ራይት ክሊክ ያደረግክ መስሎት ነው። የፔን ሴቲንግ ውስጥ ፕሬስ ኤንድ ሆልድን አጥፋው።

ሹሩባ፦ ጀርባ ስቀይር ፀጉርና ነጠላ ያስቸግረኛል። በፔን ቱል (ዙሪያውን በመስመር ከብቦ በሚቆርጠው መሣሪያ) ስቆርጠው በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

መልስ፦ ምክንያቱም በመቀስ ነው የቆረጥሽው። ነጠላ ስስ ነው፣ በውስጡ ጀርባው ይታያል። ማስክሽ (ነጩ የሚያሳይ፣ ጥቁሩ የሚደብቅ ሽፋን) ላይ ነጭና ጥቁር ብቻ ካለ ነጠላው ካርቶን ይሆናል። ግራጫ ይፈልጋል። ግፊቱን ከኦፓሲቲ ጋር አያይዢ፣ ማስኩ ላይ በጥቁር፣ እጅሽን አቅልለሽ ስሱን ክፍል ዳብሺው። ጀርባው በጥቂቱ ብቅ ይላል። ጥለቱ ጋ ስትደርሺ እጅሽን አንሺ፣ ጥለት ጠጣር ነው፣ ሙሉ ነጭ ሆኖ ይቅር። ነጠላው ሁለትና ሦስት እጥፍ የሆነበት ቦታ ላይም ግራጫው ይቀንስ። ለአፍሮ ፀጉር ደግሞ ብራሹን ወደ ሦስት ፒክስል አውርጂው፣ ግፊቱን ከመጠን ጋር አያይዢ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ እየወረወርሽ ማስኩ ላይ በነጭ ክር ክር አድርገሽ ሳዪ። ምቱ ሲያልቅ ይቀጥናል፣ ልክ እንደ ፀጉር። የሹሩባ ጠርዝ ግን ንጹሕ ነው። የሚያስፈልግሽ ግንባር ላይ ያመለጡት ጥቃቅን ፀጉሮች ብቻ ናቸው። እነሱን አታጥፊያቸው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ የትኛው ታብሌት ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ አይፓድ ከነእስክርቢቶው አለኝ። ሌላ ልግዛ?

መልስ፦ ማክ ኮምፒውተር ካለህ አትግዛ። ከ2019 ጀምሮ ሳይድካር የሚባል ነገር አለ፣ ሁለቱም ዕቃ በጣም ያረጀ ካልሆነ አይፓዱን እንደ ታብሌት ያደርግልሃል። እሱን ሞክር።

ግራ እጄ፦ ግራኝ ነኝ። የተለየ ዕቃ አለ?

መልስ፦ የለም፣ አያስፈልግም። ድራይቨሩ ውስጥ አቅጣጫውን አዙረው።

የእጅ ሕመም፦ ማታ ማታ የእጅ አንጓዬ ይደነዝዛል። ታብሌት ይፈውሰዋል?

መልስ፦ መደንዘዝ ካለ ሐኪም ጋ ሂድ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እስክርቢቶ አያያዙ ስለሚለይ ለኔ እፎይታ ሰጥቶኛል፣ ግን አንቀህ ከያዝከው እሱም ያምሃል። ላላ አድርገህ ያዝ።

የባሕር ዳር ልጅ፦ ባትሪውስ? መብራት ሲጠፋ?

መልስ፦ ኬብል ካለው ኃይሉን ከላፕቶፑ ነው የሚወስደው። እስክርቢቶውም አብዛኛው ባትሪ የለውም፣ ከሰሌዳው በሚመጣ መግነጢሳዊ ሞገድ ነው የሚሠራው። የጃፓኑ የታብሌት አምራች ዋኮም ለረጅም ጊዜ በዚህ ይታወቅ ነበር፣ አሁን ሁዮንና ኤክስፒ ፔን የሚባሉት አምራቾችም አላቸው። ስለዚህ ለጀማሪ ርካሹ ቢሆንም ችግር የለውም። የሚያልቀው ጫፉ ነው። ጫፉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሲሆን ጠርዙ ይሾልና ሰሌዳውን ይቧጭራል። በጣታችሁ ዳስሱት፣ ከሾለ ጫፍ መንቀያ በሆነችው ትንሽ ቀለበት ነቅላችሁ ቀይሩ። መለዋወጫ ጫፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ካርቶኑ ውስጥ ናቸው፣ ካርቶኑን አትጣሉ።

ማውስ አልለቅም፦ እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ብራሽ ለማሳነስና ለማተለቅ ኪቦርድ ላይ መሮጥ አይቀርም አይደል?

መልስ፦ ይቀራል። የእስክርቢቶውን የታችኛውን ቁልፍ ራይት ክሊክ አድርገው። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ አልትን ይዘህ፣ ቁልፉን ተጭነህ፣ ወደ ግራና ቀኝ ስትጎትት መጠኑ ይለወጣል፣ ወደ ላይና ታች ስትጎትት ልስላሴው። ዓይንህ ከፊቱ ላይ አይነሣም። ከጓደኛ ተውሰህ ሁለት ሳምንት ሞክረው፣ ከዚያ እንከራከር።

ማውስ አልለቅም፦ ሁለት ሳምንት። እሺ።

ታብሌቴ፦ ጋሼ! የድሮው ድራይቨር ነበር። አጠፋሁት፣ ሦስት ማዕዘኗ ጠፋች። አሁን የእናቴን ፎቶ ከፍቻለሁ።

መልስ፦ ጎሽ። አዲስ ሌየር ከፍተሃል?

ታብሌቴ፦ ቆይ… አሁን ከፈትኩ።