ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የልጄ ሳል ከመንገዱ ነው ወይስ ከቤቱ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ዳር ነው። ልጄ 3 ዓመቱ ነው። ሳሉ ለቀቀው ስል ተመልሶ ይይዘዋል፣ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ጊዜ ሽሮፕ ታዞለታል። ጎረቤቱ ሁሉ የመኪናው ጭስና አቧራው ነው፣ ከዚህ ሰፈር ውጡ ይለኛል። ኪራይ ደግሞ ያው እንደሚያውቁት ነው። ምን ይሻለኛል? እንጀራ የምንጋግረው በእንጨት ነው፣ ማታ ለብርዱ ከሰል እናስገባለን።

መልስ፦ እህቴ፣ ቤት ከመቀየርሽ በፊት መጨረሻ ላይ የጻፍሻትን ነገር ደግመሽ አንብቢያት። እኔን ያስደነገጠችኝ እሷ ናት።

መንገዱ ምንም አያደርግም አላልኩም። ወደ መተማና ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው ከባድ መኪና የሚተፋው የናፍጣ ጭስ፣ በበጋ የሚነሳው አቧራ፣ ደጅ ላይ የሚቃጠለው ቆሻሻ፣ ሁሉም ሳንባ ይጎዳል። ግን የደጁን ጭስ ቢያንስ ንፋስ ይበትነዋል። የማድ ቤቱስ የት ይሄዳል?

ጭስ ውስጥ ያለው ዋናው ጠላት ዓይን የማያየው ብናኝ ነው። መጠኑ 2.5 ማይክሮ ሜትርና ከዚያ በታች ነው፤ አንድ የራስ ፀጉር የዚህን 30 እጥፍ ያህል ይወፍራል። አፍንጫ አያስቀረውም፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይላል። ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት እንጨት ሲነድ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮ ግራም ይደርሳል። የልጅ የአየር ቧንቧ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ትንፋሹም ከእኛ ይፈጥናል። ጭሱ አክታና ጀርም ጠርጎ የሚያወጣውን የቧንቧውን ሽፋን ያደክመዋል፣ ስለዚህ ሽሮፑ ቢያስታግሰውም ጭሱ እስካለ ድረስ ሳሉ ይመለሳል። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ፣ ዕድሜ ልካቸውን ምጣድ ሥር የኖሩ እናቶች ሳንባቸው እንደ አጫሽ ሳንባ ተጎድቶ ሲመጡ ማየት በጣም ያሳዝናል።

ከሰሉ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ፍም ሲሆን ጭሱ ስለሚጠፋ “አልቆለታል፣ አስገቢው” ይባላል። ጭሱ ይጥፋ እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አልጠፋም። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው የሚጣበቀው። የጎንደርን የሌሊት ብርድ አውቀዋለሁ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ስንጥቁ በጨርቅ ተወትፎ ነው የሚታደረው፤ እንዲህ ታፍኖ ያደረ ቤተሰብ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰል መኝታ ቤት አይግባ፣ ብርድ ልብስ ደርቡ። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ሎሚ ማሽተት አያድንም፣ ሁላችሁም ወደ ውጭ ወጥታችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት።

እንጀራ ሲጋገር ልጁ ታዝሎም ታቅፎም ማድ ቤት አይግባ። ሰው ይያዘው፣ ወይ እሱ ሲተኛ ጋግሪ። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥቡ ነው አብዝቶ የሚጨሰው። መብራት ሲኖር የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተገኘ እሰየው። ካልሆነ ከሦስት ጉልቻ “ምርት” የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ይሻላል፣ እንጨትም ይቆጥባል፣ ግን ጭስ ማውጫ ይሠራለት። ከሰል በፌስታል አታያይዙ፣ የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው። ዕጣንም ያው ጭስ ነው። ቡናውን አልከለክልሽም፣ ልጁ ሳል ላይ እያለ ግን ዕጣኑ ይቅር።

አሁን ልጁን እዪልኝ። ተኝቶ ሳለ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ። 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው በዚያችው ሰዓት ይዘሽው ሂጂ። ይህ ባይኖርም በዚህ ሳምንት አስመርምሪው። አስም ሊሆን ይችላል፤ ሳሉ ሳያቋርጥ ሁለት ሳምንት ካለፈው ደግሞ ቲቢም መታየት አለበት። ስትሄጂ ስለ እንጨቱና ስለ ከሰሉ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው።