መልስ፦ እናቴ በ70 ዓመታቸው ትምህርት ቢጀምሩ ይከብዳቸዋል?

«እናቴ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሏቸዋል፤ ትምህርት ይሻላቸው ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፦ በሚገባ! ፕሮፌሰር ፒየር ቬላስ በቱሉዝ፣ ፈረንሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 «የሦስተኛው ዕድሜ (ማለትም ከጡረታ በኋላ ያለው ዕድሜ) ዩኒቨርሲቲ»ን የመሠረቱት ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ነበር። ሐሳቡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብሪታንያ ሲደርስ አባላቱ ያለ ፈተናና ያለ ዲፕሎማ እርስ በርስ መማማር ጀመሩ። እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ስለዚህ ምን መማር እንደሚፈልጉ ብቻ ሳይሆን ምን ማስተማር እንደሚችሉም ይጠይቋቸው። አባቴ ኮምፒውተር ሊማሩ ገብተው ማውዙን በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይዘውት ነበር፤ ዛሬ ጎናቸው ለተቀመጡት ሰው ያሳያሉ (ትንሽም ይቆጣሉ)። ጆሯቸው ከደከመ አነስተኛ ክፍልና የፊት ወንበር ይፈልጉላቸው። የመጀመሪያውን ቀን አብረዋቸው ይሂዱ፤ ከበሩ ግን ይመለሱ፤ ልጅ አጠገባቸው ካለ ከማንም ጋር አይተዋወቁም።