«ቤዙን ጨምርልኝ» ስንል ምን እያልን ነው?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ የሜታል ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ክሩን በኃይል እየመታሁም ድምፄ ከሙዚቃው ውስጥ ይጠፋል። ሳውንድማኑን «ቤዙን ጨምርልኝ» ስለው ይጨምራል፣ ያኔ ግን ይብሱን ይታፈናል። በአማርኛ ምን ብዬ ልንገረው? ደግሞስ ቤዝ «ይመታል» ነው ወይስ «ይደረደራል»?

መልስ፦ ያላግባባችሁ «ቤዝ» የሚለው ቃል ነው። በእኛ አነጋገር መሣሪያውም ቤዝ፣ ተጫዋቹም «ቤዙ»፣ ሚክሰሩ (የድምፅ ማቀላቀያው) ላይ ያለው የወፍራም ድምፅ ማዞሪያም ቤዝ ነው። እርስዎ መሣሪያውን ሲሉ ሳውንድማኑ ማዞሪያውን ይሰማና 100 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ከፍ ያደርገዋል (ሄርዝ ድምፁ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። የባለ አራት ክር ቤዝ ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ላይ ይቃኛል፤ የምቱ ድምፅ ግን እዚያ የለም። ጣት ወይም ፒክ (በጣት የሚያዝ ትንሽ መምቻ) ክሩን ሲያገኘው፣ ክሩም ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተጋደመው ቀጭን ብረት) ጋር ሲጋጭ የሚወጣው ድምፅ በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ስለዚህ የወፍራሙ ማዞሪያ በተጨመረ ቁጥር ምትዎ ይሸፈናል። መጠኑ ብቻ እንዲጨምር ሲፈልጉ «የቤዝ ጊታሩን ቮልዩም» ይበሉ።

ጠባዩ እንዲለወጥ ሲፈልጉ ደግሞ አማርኛ በድምፅ አስመሳይ ቃላት ሀብታም ነው። እኔ አራቱን እመርጣለሁ፦ ድምታ፣ ጉምጉምታ፣ ኳኳታ፣ ሿታ። ድምታ ከ60 እስከ 100 ሄርዝ ያለው፣ ደረት ላይ የሚሰማው ነው። ጉምጉምታ ከ200 እስከ 400 ሲሆን፣ የሚያፍነው እሱ ነው። ኳኳታ የሚፈልጉት ምት ነው። ከ5,000 በላይ ያለው ሿታ ለቤዝ እምብዛም አይጠቅምም። እንግዲህ «ጉምጉምታውን ቀንስ፣ ኳኳታውን አውጣልኝ» ይበሉ፤ ቁጥር ከጠየቀዎት 300 ላይ 3 ወይም 4 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይቀንስ፣ 2,500 ላይ ያንኑ ያህል ይጨምር፣ ከ35 ሄርዝ በታች ያለውን ይቁረጥ (ባለ አምስት ክር ከሆነ ከ30 በታች)። 4,000 አካባቢ የእግር ከበሮው ጠቅታ ስላለ እዚያ አይጋፉት።

800 ሄርዝ አካባቢ ያለውን መሐል ድምፅ ጨርሶ አያስወጡት። ብቻዎን ሲሞክሩት ያምራል፤ ጊታሮቹ ሲገቡ ግን ኖታው ይጠፋና ባዶ ኳኳታ ይቀራል። ኮምፕሬሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ የሚጨምቅ መሣሪያ) ካለም «አታክ» የሚለውን፣ ማለትም መጨመቁን የሚጀምርበትን ፍጥነት፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ያድርጉት፤ በጣም ከፈጠነ መጀመሪያ የሚጨፈልቀው ምቱን ነው።

ወደ ግሱ ስንመለስ፣ «መጫወት» የትም አያሳስትም፣ የትም ግን አይገልጽም። «መደርደር» የበገናና የክራር ነው፤ ክሮቹን በጣት አንድ በአንድ ማናገር ነውና ለዝግታው ክፍል ይስማማል። «መግረፍ» ክሮቹን በአንድነት ጠርጎ መምታት ስለሆነ ለቤዝ አልመክረውም፤ በፒክ ፈጥኖ ለመጫወት የሚሉት አሉ፣ ጆሮዬ ግን አይቀበለውም። ለእርስዎ አጨዋወት ትክክለኛው «መምታት» ነው። ክሩን በአውራ ጣት መምታት ለሚባለው «ስላፕ» ለምደነዋል፣ ይቆይ።

አመታቱ ራሱ ከማዞሪያው ይቀድማል። ክሩን ወደ ላይ አይጎትቱ፤ ወደ ጊታሩ አካል ጫን አድርገው ይልቀቁት፣ ያኔ ፍሬቱን ይመታል። ወደ ብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ ወደሚያርፉበት ድጋፍ) ሲጠጉ ድምፁ ጠንካራና አጭር ይሆናል፣ ወደ አንገቱ ሲጠጉ ክሩ ሰፋ ብሎ ይወዛወዛል፣ ኳኳታውም ይበዛል። ኖታው እንዲያጥር የግራ እጅ ጣትዎን ከክሩ ሳያነሱ ላላ ያድርጉት።

ክር ከሌላ ነገር ጋር ሲነካካ የሚወጣው ድምፅ ሁሉ ብልሽት አይደለም፤ በገናም ያን ንዝረት የሚያገኘው ክሩ ሥር ከሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ ከእንዚራው ነው። ለማይፈለገው ንዝረት «ዝዝ ይላል» ይበሉ፣ ከኳኳታው ይለይልዎታል። ዝዝታው ከ1ኛው እስከ 4ኛው ፍሬት ብቻ ከሆነ አንገቱ ከልክ በላይ ቀንቷል፤ ከ12ኛው ወዲያ ከሆነ ብሪጁ ላይ ክሩ በጣም ወርዷል። ወፍራሙ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ይበቃዋል፤ ከ1.5 በታች ሲወርድ በኃይል ሲመታ ይታነቃል።

ክሩ በክብ ሽቦ የተጠመጠመ ብረት ቢሆን ይሻላል፤ ለስላሳው ጠፍጣፋ ክር ኳኳታ ይቀንሳል። የሜታል ባንዱ የአይረን ሜይደን ቤዝ ተጫዋች ስቲቭ ሃሪስ ግን በጠፍጣፋ ክር፣ ያለ ፒክ፣ በጣቶቹ ብቻ ያወጣዋል፤ እጁ ነው። ያረጀ ክር በማዞሪያ አይድንም፤ በአዳማ ሙቀት ላብ ቶሎ ይገድለዋል፣ ስለዚህ ልምምድ ባበቃ ቁጥር ከሥሩም ጭምር በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።