ሥሩ ወዳጁን ከጠላቱ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ የተከልኩት ቲማቲም ቅጠሉ ከላይ ቢጫ ነጠብጣብ አወጣ። ገልበጥ ሳደርገው ደግሞ ቡናማ ሻጋታ ይዟል። ፈንገስ ነው ተባልኩ። ወዲያው ሌላ ሰው «ፈንገስ ሁሉ ጠላት አይደለም፤ ሥሩ ውስጥ ገብቶ የሚጠቅመውም አለ» አለኝ። ግራ ገባኝ። ዓይን የለው፣ ጭንቅላት የለው፤ ተክሉ የቱን አስገብቶ የቱን እንደሚያባርር በምን ያውቃል? ካወቀስ ለምን ይታመማል?

መልስ፦ እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መምህሬ መልስ በመስጠት ፈንታ «በይ ሥሩን ቀቅይው» አለኝ። ያሾፈብኝ መሰለኝ። ለካ የምሩን ነው። የሽንኩርት ሥር በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቀቀልኩ። ከነጣ በኋላ ኮምጣጤ በገባበት የብዕር ቀለም ነከርኩት። ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው በየህዋሱ ውስጥ ትንሽ ሰማያዊ ዛፍ ቆማለች። ግንድ አላት፣ ቅርንጫፍ አላት፣ ጫፏ እንደ ጭጋግ ሳስቶ ይጠፋል። ያ ፈንገሱ ነው። ሽንኩርቱ ግን ደህና ነበር። ይህን ሁሉ እንግዳ በሆዱ ይዞ ምንም አልመሰለውም።

ይህ ኑሮ ማይኮራይዛ ይባላል። ፈንገሱ ከአፈር ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል፣ ተክሉ ስኳርና ቅባት ይከፍላል። ስኮትላንድ ውስጥ በተገኘ 407 ሚሊዮን ዓመት በሆነው ቅሪተ አካል ላይ እነዚያው ዛፎች ታይተዋል። የዚያን ዘመን ተክል ገና እውነተኛ ሥር እንኳ አልነበረውም። ስለዚህ ትውውቁ የትናንት አይደለም።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ሰው ሲያስበው ጠላት አንድ ሽታ፣ ወዳጅ ሌላ ሽታ ያለው ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ቀላል ነበር። ሁለቱም የሰውነታቸው ግድግዳ የሚሠራው ከካይቲን ነው፤ የፌንጣ ቅርፊት የተሠራበት ነገር ማለት ነው። ተክል የራሱ ካይቲን የለውም። ስለዚህ ካይቲን ካገኘ «ሰው ገባ» ይላል። ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው፦ ካይቲኑ በምን መልክ መጣ?

ካይቲን የስኳር ሰንሰለት ነው። ተክሉ የፈንገሱን ግድግዳ የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው። ስምንት ያህል ቀለበት ያለው ረጅም ቁራጭ ተገንጥሎ በህዋሱ ገጽ ላይ ያለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ደወል ይደወላል። ካልሲየም ወደ ህዋሱ ይጎርፋል፣ ግድግዳው ይጠነክራል፣ መርዝ ይዘጋጃል። ወዳጁ ፈንገስ ግን አራት ወይም አምስት ቀለበት ያላቸው አጫጭር ቁራጮች ይልካል። የቅባት ጭራ የተቀጠለባቸውም አሉት፤ የእነዚህ ቅርጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እነሱ ሲደርሱ ካልሲየሙ አይጎርፍም። በህዋሱ አስኳል ዙሪያ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ይመታል። ልክ የታወቀ ሰው በር ሲያንኳኳ።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የሩዝ ጉዳይ ነው። ሩዝ ውስጥ ሰርክ-ዋን የሚባል አንድ ተቀባይ በሁለቱም ሥራ ላይ አለ። ለጠላትም ለወዳጅም በሩ ላይ የቆመው ያው ዘበኛ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አብሮት የሚቆመው ሌላ ተቀባይና የተክሉ ረሃብ ነው። ፎስፈረስ ያነሰው ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባል ነገር ወደ አፈር ይለቃል። ፈንገሱ ያንን ሲቀምስ ክሮቹን ያበዛል፤ ይህ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። (ጥሪው ግን ያልተጠራም ይሰማዋል። በሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቃ የምትኖረው የአቀንጭራ አረም ዘር የሚበቅለው በዚሁ ነው። እንዲያውም ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው በእሷ ሰበብ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1966።)

ታዲያ ለምን ይታመማል? ጠላትም ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ነዋ። የእርስዎን ቲማቲም የያዘው፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ የቅጠል ሻጋታ የሚባለው ይመስለኛል። ይህ ፈንገስ የተሰበሩትን የካይቲን ቁራጮች ለቃቅሞ የሚደብቅ ፕሮቲን ይረጫል። ደወሉ ጋ የሚደርስ አይተርፍም። ወዳጁ ፈንገስም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። እሱም ሲገባ ዘበኛውን የሚያለዝብ ፕሮቲን ይለቃል። ሁለቱም ያጭበረብራሉ፤ አንዱ ሊዘርፍ፣ አንዱ ሊነግድ።

ተክሉ ለዚህም መላ አለው። አንዳንድ የቲማቲም ዝርያ የሻጋታውን ፕሮቲን ራሱን ለይቶ የሚያውቅ ጂን ይዟል። ሲያገኘው የተነካውን ህዋስ ገድሎ ፈንገሱን በረሃብ ይቆልፍበታል። ጠላት አንድ ቁልፍ ሲያመጣ ተክል አንድ መቀርቀሪያ ያበጃል። ሃሮልድ ፍሎር የሚባሉት አሜሪካዊ ይህን ተልባንና ዋጉን እያዳቀሉ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሳዩ። ስለዚህ በሚቀጥለው ዘር ሲገዙ ይህን ሻጋታ የሚቋቋም ዝርያ ይጠይቁ። ለአሁኑ የታችኛውን ቅጠል ይቀንጥሱ፣ ውሃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ያፍስሱ፣ ንፋስ ይግባበት። ሻጋታው እርጥበት ያለው አየር ይወዳል።

አንዴ የገባ ወዳጅስ? ነፃ አይኖርም። የሰማያዊዋ ዛፍ ዕድሜ የቀናት ነው። ፎስፈረስ ካላመጣች ደግሞ ቶሎ ትፈርሳለች። ፎስፈረሱን የሚረከበው የተክሉ ፕሮቲን በተበላሸባቸው ተክሎች ላይ ዛፎቹ ያለ ጊዜያቸው ሲሞቱ ታይቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ተክል ወዳጁን በመግቢያው ላይ አይለየውም። አስገብቶ ሥራውን ያያል።

ጥያቄ፦ የማይኮራይዛ ዱቄት ገዝቻለሁ። ለጎመንና ለቀይ ሥር ልጨምረው?

መልስ፦ ለሁለቱም አይጨምሩ። ጎመንና ዘመዶቹ ይህን ፈንገስ ማስተናገድ ከተዉ ቆዩ፤ የቀይ ሥርም ወገን በአብዛኛው እንዲያው ነው። ዱቄቱን ለሽንኩርት፣ ለበቆሎ ወይም ለቲማቲም ያድርጉት፣ ችግኝ ሲያዛውሩ ሥሩን እንዲነካ አድርገው። በዚያው ሰሞን ግን የፎስፈረስ ማዳበሪያ አያብዙበት። የጠገበ ሥር ማንንም አይጠራም።