ከማጂክና ከበርድ መሃል የተረሳው ቡድን፦ የ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤንቢኤ ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮው ኤንቢኤ፣ ማለትም ስለ አሜሪካ ፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የምታውቁትንም የማታውቁትንም ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። የቻልኩትን መልሻለሁ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ውድድሩ ጥቅምት ላይ ተጀምሮ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ስለሚያልቅ «1983» ስል በዚያ ዓመት ያለቀውን ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁሉም ሰው «ማጂክና በርድ ሊጉን አዳኑት» ይላል። እውነት ነው ወይስ የሽማግሌ ወሬ?

ሁለቱም ነው ልጄ። ጥቅምት 1979 አብረው ገቡ። ቦስተን ሴልቲክስ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 29 አሸንፎ 53 የተሸነፈ ቡድን ነበር፤ ላሪ በርድ በገባበት ዓመት 61 አሸነፈ። ማጂክ ጆንሰን የገባበት ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ደግሞ 60 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እዚህ ድረስ ወሬው ልክ ነው።

ግን ቁጠሩት እስቲ። ከ1980 እስከ 1984 ካሉት አምስት ፍጻሜዎች ሁለቱ ፊት ለፊት የተገናኙት በአንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በመጨረሻው በ1984። በሦስቱ የሌከርስ ተጋጣሚ ፊላደልፊያ ሰቨንቲ ሲክሰርስ ነበር። በ1981 ደግሞ ሲክሰርስ ከፍጻሜው የቀረው በአንድ ነጥብ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ያ ዘመን የሦስት ቡድን ዘመን ነው። ሦስተኛውን የረሳነው ታሪኩ ለሁለት ሰው ስለሚያምር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ማጂክ አንድ ጊዜ በካሪም ቦታ ሴንተር ሆኖ ተጫወተ የሚባለው ተጋኖ ነው?

አልተጋነነም። ሴንተር ማለት ቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ረጅሙ ተጫዋች ነው። በ1980 ፍጻሜ (አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል) ሌከርስ 3 ለ 2 እየመራ ነው። በአምስተኛው ጨዋታ ካሪም አብዱል-ጀባር ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት፤ እያነከሰ ተመልሶ ገብቶ 40 ነጥብ አስቆጠረ። ለስድስተኛው ጨዋታ ግን ወደ ፊላደልፊያ መብረር አልቻለም፣ ሎስ አንጀለስ ቀረ። አውሮፕላኑ ውስጥ የካሪም የተለመደ ወንበር ላይ ማን ሄዶ ቁጭ አለ? የ20 ዓመቱ ጀማሪ ማጂክ! በማግስቱ መሃል ላይ ቆሞ ለመክፈቻዋ ኳስ ዘለለ። ሲያልቅ 42 ነጥብ፣ 15 ሪባውንድ (ነጥራ የተመለሰች ኳስ መያዝ)፣ 7 አሲስት (ለሚያስቆጥር ጓደኛ ማቀበል) ነበረው፤ ከነጻ ውርወራ መስመር 14 ወርውሮ 14ቱንም አስገባ። ሌከርስ 123 ለ 107 አሸነፈ።

በዚያው ምሽት የሌከርሱ ጀማል ዊልክስ 37 ነጥብ እንዳስቆጠረ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የጀማል ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ያን ጨዋታ አሜሪካኖቹ ራሳቸው በቀጥታ አላዩትም የሚባለውስ?

ትክክል ነው። ሲቢኤስ ጣቢያ ጨዋታውን በብዙ ከተሞች ያስተላለፈው ቀድቶ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡30 ላይ፣ ሰው አልጋው ውስጥ ከገባ በኋላ። የፍጻሜ ጨዋታ! ሊጉ ያኔ ምን ያህል የተናቀ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ባለ ሦስት ነጥቡ መስመር የመጣው በዚያ ጊዜ ነው አይደል? ታዲያ ለምን አይወረውሩም ነበር?

በ1979-80 ነው የገባው። የመጀመሪያዋን የቦስተኑ ክሪስ ፎርድ ጥቅምት 12 ቀን 1979 አስገባ። ግን አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞክራትም ነበር። አሰልጣኞቹ ያደጉት «ቅርጫቱ ሥር ግባ» እየተባሉ ነው፤ ከሩቅ መወርወር እንደ ስንፍና ይታይ ነበር።

ጥያቄ፦ በ1981 ከተሸነፈው ጨዋታ ያነሰ ያሸነፈ ቡድን ፍጻሜ ደረሰ የሚባል ነገር አንብቤ አላመንኩም።

እመን ወንድሜ። ሂዩስተን ሮኬትስ 40 አሸንፎ 42 ተሸንፎ ነው ወደ ማጣሪያው፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወዳለው የዋንጫ ፍልሚያ፣ የገባው። የመጀመሪያው ዙር ያኔ ሁለት የቀደመ የሚያልፍበት አጭር ፍልሚያ ነበር፤ ሮኬትስ የዋንጫውን ባለቤት ሌከርስን 2 ለ 1 አባረረ። ማጂክ በዚያ ዓመት በጉልበቱ ጉዳት 45 ጨዋታ አምልጦት ነበር። የሚያስቀው የምዕራቡ ፍጻሜ ነው (ሊጉ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ ይከፈላል፣ የሁለቱ አሸናፊዎች በዋናው ፍጻሜ ይገናኛሉ)፤ የሮኬትስ ተጋጣሚ ካንሳስ ሲቲ ኪንግስም ልክ 40 አሸንፎ 42 የተሸነፈ ነበር። ሮኬትስ አለፈ፣ በፍጻሜው ግን በቦስተን 4 ለ 2 ተረታ።

ሮኬትስን ተሸክሞ እዚያ ያደረሰውን ሰው ስም ያዙልኝ፤ ሞሰስ ማሎን። እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ፓት ራይሊ የሌከርስ አሰልጣኝ የሆነው በማጂክ ግፊት ነው ይባላል።

ኅዳር 1981 ላይ ማጂክ በአሰልጣኙ በፖል ዌስትሄድ አጨዋወት ተማርሮ «ሌላ ቡድን ስጡኝ» አለ። ሌከርስ 7 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸንፎ ነበር። በማግስቱ ዌስትሄድ ተባረረ፤ ረዳቱ ራይሊ ተተካ። የገዛ ደጋፊው ሳይቀር ማጂክን ጮኸበት። በሰኔ ሌከርስ ሲክሰርስን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ ጩኸቱን ያስታወሰ አልነበረም። ዌስትሄድ ራሱ ቦታውን ያገኘው ዋናው አሰልጣኝ ጃክ መኪኒ በ1979 ከብስክሌት ወድቆ ክፉኛ ስለተጎዳ መሆኑን ግን አትርሱ። የራይሊ ትልቅነት ከአንድ ብስክሌት ይጀምራል ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የዚያ ዘመን ሞኙ ክለብ ማን ነው? (በቁምነገር ነው የምጠይቀው)

ክሊቭላንድ ካቫሊየርስ። ያለ ውድድር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደካማ ቡድን የሚድነው በድራፍት ነው፤ ከኮሌጅ የሚመጡ ወጣቶችን ቀድሞ የመምረጥ ተራ ይሰጠዋል። ክሊቭላንድ ይህን ተራውን እንደ ስንዴ ዘር በክረምት ሸጦ በላው። በ1980 መጀመሪያ የ1982ን ተራ ለሌከርስ ሰጠ። ከዚያ ቴድ ስቴፒየን የሚባል ባለሀብት ክለቡን ገዛና የተከታዮቹንም ዓመታት ተራዎች በተለይ ለአዲሱ ቡድን ለዳላስ ማቬሪክስ እየሸነሸነ አደለ። በ1981-82 ካቫሊየርስ 15 አሸንፎ 67 ተሸነፈ። ስለዚህ የዋንጫው ባለቤት ሌከርስ፣ ዋንጫውን ባነሳ በሳምንታት ውስጥ፣ በክሊቭላንድ ተራ ከድራፍቱ አንደኛውን መርጦ ጄምስ ወርዚን ወሰደ። የበላ ሰው ላይ ቁርጥ ሲጨመርለት አስቡት።

ሊጉ በኋላ ሕግ አወጣ፤ አንድ ክለብ የሚቀጥሉትን ዓመታት የመጀመሪያ ዙር ተራ በተከታታይ መስጠት አይችልም። ሕጉ ዛሬም በስቴፒየን ስም ይጠራል። ስሙን በዚህ መንገድ ማስጠራት የማይፈልግ ባለሀብት ካለ ይማርበት።

ጥያቄ፦ እሺ ጋሼ፣ ሞሰስ ማሎን። ቃል ገብተዋል።

ሞሰስ ከፒተርስበርግ ቨርጂኒያ የመጣ ልጅ ነው። ኮሌጅ ሳይረግጥ በ1974 በቀጥታ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ፕሮፌሽናል ገባ። ቁመቱ ለሴንተር የሚያስፈራ አልነበረም፣ እንደ ሲክሰርሱ ኮከብ እንደ «ዶክተር ጄ» አይበርም። ሥራው አንድ ነው፤ ኳሷ ከቅርጫቱ ጠርዝ ነጥራ ስትመለስ እሱ እዚያ አለ። ወርውሮ ይስታል፣ የሳተውን ራሱ ያነሳል፣ እንደገና ይወረውራል፣ ይመቱታል፣ ነጻ ውርወራ ያገኛል። ቪዲዮውን ስታዩት አያምርም። ቀን ሙሉ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው እንደማየት ነው።

አሁን ሲክሰርስን አስቡ። ጁሊየስ ኤርቪንግ ወይም ዶክተር ጄ በ1977 ፍጻሜ በፖርትላንድ ላይ 2 ለ 0 መርቶ 4 ለ 2 ተሸነፈ። ክለቡ ለደጋፊው «አንድ ዕዳ አለብን» ብሎ ፎከረ። በ1980 በማጂክ ተሸነፈ። በ1981 ቦስተንን 3 ለ 1 መርቶ ተገለበጠ። በ1982 ቦስተንን እንደገና 3 ለ 1 መራ፣ እንደገና 3 ለ 3 ሆነ፤ ፊላደልፊያ ሁሉ እህህ አለ። ሰባተኛው ጨዋታ ቦስተን ሜዳ ላይ ነው። በዚያ ቀን የሲክሰርሱ አንድሩ ቶኒ 34 ነጥብ አስቆጥሮ 120 ለ 106 አሸነፉ። የቦስተን ደጋፊ ምን አደረገ መሰላችሁ? የራሱ ቡድን እየተሸነፈ ተነስቶ ለጠላቱ «ሎስ አንጀለስን ምቱልን!» እያለ ዘመረ። ያ መፈክር ዛሬ ድረስ የሚጮኸው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ሲክሰርስ ግን ሎስ አንጀለስን አልመታም፤ በፍጻሜው ያው ተሸነፈ።

በዚያው ክረምት ሲክሰርስ ለሞሰስ የ6 ዓመት፣ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ውል አቀረበለት፤ ያኔ ሰማይ የነካ ገንዘብ ነው። ሂዩስተን በተጫዋቹ በካልድዌል ጆንስና በአንድ የድራፍት ተራ ለወጠው። ሞሰስ የ1982 ኮከብ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመት በሌላ ከተማ እንደገና ኮከብ ሆነ። ሮኬትስ ደግሞ ያለ እሱ 14 አሸንፎ 68 ተሸነፈ። አንድ ሰው ምን ያህል ይመዝናል ለሚል ሚዛኑ ይኸውና።

ሲክሰርስ 65 አሸንፎ 17 ተሸንፎ ጨረሰ። ከማጣሪያው በፊት ሞሰስን እንዴት ትሆናላችሁ ብለው ሲጠይቁት «ፎ፣ ፎ፣ ፎ» አለ፤ አራት፣ አራት፣ አራት ማለቱ ነው፣ በሦስቱም ዙር ሳንሸነፍ እናልፋለን። ኒው ዮርክን 4 ለ 0፣ ሚልዋኪን 4 ለ 1፣ ሌከርስን 4 ለ 0። የተሳሳተው በአንድ ጨዋታ ነው። የዋንጫ ቀለበታቸው ላይ «ፎ፣ ፋይቭ፣ ፎ» ብለው አስቀረጹት።

ጥያቄ፦ ግን በ1983 ሌከርስ ተጎድቶ ነበር። ሰበብ አይሆንም?

ወርዚ እግሩ ተሰብሮ አልተጫወተም፤ ቦብ ማካዱና ኖርም ኒክሰንም ተጎድተዋል። አልክድም። ግን 4 ለ 0 ነው። ደግሞ በአራተኛው ጨዋታ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ሌከርስ መጨረሻ አካባቢ ሲጠጋ ዶክተር ጄ ተከታታይ 7 ነጥብ አስቆጥሮ በሩን ዘጋው። ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው። እኔ ሰበቡን አልቀበልም፤ አንተ ብትቀበል ግን አንጣላም።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነው የምኖረው። የእኛ ሰፈር ቡድንስ?

ዋሽንግተን ቡሌትስ፤ ዛሬ ዊዛርድስ የሚባለው ነው። የሚጫወተውም ከተማው ውስጥ ሳይሆን ላንዶቨር ሜሪላንድ ነበር። በ1978 ዋንጫ በላ፣ በ1979 ፍጻሜ ተሸነፈ። ከዚያ ዌስ አንሰልድ ጫማውን ሰቀለ፣ ኤልቪን ሄይስ ወደ ሂዩስተን ሄደ። ስለዚህ ሐበሻው በብዛት ዋሽንግተን በገባበት ዘመን ቡሌትስ ቁልቁል ይሄድ ነበር። የዛሬ ብስጭትህ የቆየ ነው።

ጥያቄ፦ የ1984ቱ የቦስተን ሙቀት ታሪክ ምንድን ነው?

የቦስተንና የሌከርስ ፍጻሜ አምስተኛው ጨዋታ፣ ቦስተን ጋርደን። አሮጌ ሕንጻ ነው፣ ማቀዝቀዣ የለውም። ውስጡ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገባ። የ37 ዓመቱ ካሪም ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የኦክስጅን ጭንብል ፊቱ ላይ አድርጎ ይተነፍሳል። በርድ ደግሞ 34 ነጥብና 17 ሪባውንድ! ቦስተን 121 ለ 103፤ ኋላም በሰባተኛው ጨዋታ ዋንጫውን ወሰደ።

ጥያቄ፦ ኦላጁዋንስ? አፍሪካዊ አንደኛ ሆኖ ሲመረጥ እንዴት ነበር?

የሌጎሱ ልጅ ሰኔ 1984 ላይ በድራፍቱ በአንደኛነት ተመረጠ፤ ማይክል ጆርዳን ሦስተኛ ነው። አንደኛው ተራ የሚወሰነው ግን በሳንቲም ነበር፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ መጨረሻ የወጡት ሁለቱ ተራዎች ዘውድና ጎፈር ይጣልባቸዋል። ሂዩስተን በ1983ም በ1984ም አሸነፈ፤ ራልፍ ሳምፕሰንንና ኦላጁዋንን አገኘ። «ሆን ብሎ እየተሸነፈ ነው» የሚል ጭምጭምታ በረታና በ1985 ዕጣ ማውጣት ተጀመረ። ሞሰስን ያጣ ክለብ በሁለት ሳንቲም ተካሰ።

ጥያቄ፦ አንድ ጨዋታ ብቻ ፈልጌ ልይ ብል የትኛውን?

የ1981ን የምሥራቅ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ፣ ቦስተንና ፊላደልፊያ። ሁለቱም በዓመቱ 62 አሸንፈው 20 ተሸንፈዋል። አምስተኛው ጨዋታ በሁለት ነጥብ፣ ስድስተኛውም በሁለት ነጥብ አልቋል። በሰባተኛው መጨረሻ ላይ በርድ ሰሌዳው ላይ አንጥሮ ያስገባትን ተመልከት። ከዚያ የሲክሰርሱ ሞሪስ ቺክስ ከሁለት ነጻ ውርወራ አንዱን ብቻ ያስገባል፤ 91 ለ 90። አንድ ሰከንድ ቀረ። ሲክሰርስ ለዶክተር ጄ ከጎን መስመር ወደ ላይ የወረወረላትን ኳስ ዓይንህን ሳትነቅል ተከተላት፤ እጁ ጋ ሳትደርስ የሰሌዳውን አናት ትመታለች።