ክፍተቱ ከአራት ነጥቡ በፊት ነው

ቢቸና ያለች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ጥያቄ ልካልኛለች። 12 ገጽ ቃለ ጉባኤ ጽፋ ስታትመው አራት ነጥቡ ከቃሉ እየተነጠለ ብቻውን ወደ ታችኛው መስመር ይወርዳል። አንዳንዱ መስመር ላይ ደግሞ ቃላቱ ተበታትነው በመሃላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ይታያል። አለቃዋ «ከአራት ነጥብ በኋላ ሁለቴ ስፔስ ምቺ» ብለዋታል። እሷ የለመደችው አንዴ ነው። የቱ ይሻላል?

እህቴ፣ መልሱ አጭር ነው። ከአራት ነጥብ በኋላ አንድ ስፔስ፣ ከአራት ነጥብ በፊት ምንም። ግን ሥራሽን ያበላሸው እሱ አይመስለኝም። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ስጽፍና ሳትም ነው የምውለው። አራት ነጥቡ ወረደብኝ ተብሎ የሚመጣልኝ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከምልክቱ በፊት ነው። ቃሉን ጨርሰሽ ስፔስ ትመቻለሽ፣ ከዚያ አራት ነጥብ። ኮምፒውተሩ መስመር የሚቆርጠው ስፔስ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ቃሉ መስመሩን ከሞላው፣ ከስፔሱ በኋላ ያለው አራት ነጥብ ለብቻው ይወርዳል።

ምንም ሳትነኪ በፊት ግን ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። በሌላ ስም ሴቭ አድርጊውና ጥገናውን በኮፒው ላይ ሥሪ። ዋናው አይነካ።

አሁን ዎርድ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና 8ን አንድ ላይ ተጫኚ። እያንዳንዱ ስፔስ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይታይሻል። ከአራት ነጥብ በፊት ነጥብ ካየሽ ሌባው ተያዘ። ወደ ግራ የተጠመዘዘች ቀስትም ፈልጊ። እሷ ሺፍትና ኢንተር አንድ ላይ ሲመቱ የምትመጣ ናት። ካንቺ በፊት ፋይሉን የነካው ሰው የወረደውን አራት ነጥብ ለመመለስ እሷን የመታ ይመስለኛል። ጽሑፉ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ከታዘዘ፣ እሷ ያለችበት መስመር እስከ ዳር ይለጠጣል። ቃላቱ የተበታተኑት በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ጥገና ያናድደኛል። አንዱን መስመር ለማዳን አሥሩን ያበላሻል፣ ፊደሉ ትንሽ ከተለቀ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደገና ይፈርሳል። ቀስቶቹን እያጠፋሽ በቦታቸው አንድ ስፔስ ተኪ፣ አለዚያ ቃላት ይጣበቃሉ።

ስለ ሁለቱ ስፔስ አለቃሽን የምታስረጂበት ነገር ልንገርሽ። እኛ ጎጃም ውስጥ ብራና ማየት ብርቅ አይደለም። ዕድሉ ሲገጥምሽ ቀረብ ብለሽ እዪው። ቁም ጸሐፊው በቃልና በቃል መሃል ባዶ ቦታ አይተውም። ሁለት ነጥብ ያደርጋል። ቃል፣ ሁለት ነጥብ፣ ቃል፣ ሁለት ነጥብ። ቃልን ከቃል የሚለየው ያ ምልክት ነው፣ ማለትም የእኛ ስፔስ እሱ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ አራት ነጥብ ያስቀምጣል። አራት ነጥብ ምንድን ነው? ሁለት ነጥብ ሁለቴ ነው። የቃል መለያው አንድ እጥፍ፣ የዓረፍተ ነገር መለያው ሁለት እጥፍ። አለቃሽ የሚፈልጉት ሰፋ ያለ ዕረፍት እዚያው ምልክቱ ውስጥ አለ። በኋላ ሁለት ነጥቡን ትተን በስፔስ ተካነው፣ አራት ነጥቡ ግን ቀረ። ስለዚህ ዛሬም ዓይን አራቱን ነጥብ ሲያይ ይቆማል፣ ተጨማሪ ሜዳ አይፈልግም። የፈረንጁ ነጥብ አንዲት ትንሽ ጠብታ ናት። በታይፕራይተር ዘመን ቀጭኗ አይ እና ሰፊው ደብልዩ እኩል ቦታ ይይዙ ስለነበር ብዙዎቹ የታይፕ አስተማሪዎች ከነጥብ በኋላ ሁለቴ ምቱ ይሉ ነበር። በኮምፒውተር ፊደሉ እንደ ስፋቱ ስለሚቀመጥ እነሱም ትተውታል። ዎርድ ራሱ እንደ ፈረንጆቹ ከ2020 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሁለት ስፔስ ሲያይ እንደ ስህተት ያሰምርበታል።

ወደ ጥገናው። ኮፒ አድርገሻል አይደል? የስብሰባውን ሐተታ ብቻ በማውዝ ምረጪ። የፊርማውን ቦታና ሠንጠረዡን አትምረጪ። ብዙ ሰው «ስም» እና «ፊርማ» የሚለውን በስፔስ እየገፋ ነው የሚያስተካክለው። ሁሉንም ተካ ካልሽው ያ ሁሉ ይሰበሰብና የ20 ሰው ፊርማ ቦታ ይዘበራረቃል። ከመረጥሽ በኋላ ኮንትሮል እና ኤች። ላይኛው ሳጥን ውስጥ ስፔስና አራት ነጥብ፣ ታችኛው ውስጥ አራት ነጥብ ብቻ፣ ከዚያ ሁሉንም ተካ (ሪፕሌስ ኦል) በዪው። ሲጨርስ የቀረውንም ልፈልግ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። ኖ በዪ። ከዚያ ሁለት ስፔስን በአንድ ተኪ፣ ዜሮ እስኪል ድረስ ደጋግሚ።

አላገኘሁም ካለሽ አራት ነጥቡ የውሸት ነው። ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ እያለ ሁለት ኮለን (የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ) ተመትቶ ይሆናል። ከምልክቱ በኋላ ቆመሽ አንዴ ባክስፔስ ምቺ። ግማሹ ብቻ ከጠፋ ውሸት ነው። ሁለቱን ኮለን በእውነተኛው አራት ነጥብ ተኪና ጥገናውን ከመጀመሪያው ጀምሪ። ሌላው ምክንያት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር አሮጌ ፎንት ነው። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። በኮፒው ላይ ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የዩኒኮድ ፎንት ቀይሪው። የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ከሆነ አሮጌ ነው። መልሰሽ ወደ ነበረበት አድርጊና አራት ነጥቡን ከጽሑፉ ራሱ ኮፒ አድርገሽ ሳጥኑ ውስጥ ለጥፊ። እዚያ ሌላ ምልክት መስሎ ቢታይሽ አትደንግጪ። ይህን በዋናው ፋይል ላይ እንዳትሞክሪ፣ አደራ።

ሁለት ስፔስ በዓረፍተ ነገር መሃልም እየገባ ካስቸገረሽ ግን ጥፋቱ የእጅሽ ሳይሆን የኪቦርዱ ነው። በርካሹ ኪቦርድ የስፔሷ ቁልፍ አንዴ ስትመቺያት ሁለቴ ትጽፋለች። ጠርጌም ፈትቼም አይቻለሁ፣ ብዙ አይቆይም። አዲስ ስትገዪ እዚያው ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ስፔስ 50 ጊዜ ምቺና ነጥቦቹን ቁጠሪ። 51 ከሆነ ለባለሱቁ መልሺለት።